ሚስ አይቪ የመጀመሪያ ዕረፍታቸውን የወጡ ቀን

ቫኬሽን የሚባለውን ነገር የቅብጠት ሥራ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ላስ ቬጋስ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር እንጀራዬ ለዕረፍት የመጡ ሰዎችን በቫን ማመላለስ ነው፤ እኔ ራሴ ግን አንድ ቀን ዕረፍት ወጥቼ አላውቅም ነበር። አገር ቤት አራት ጊዜ ሄጃለሁ። አራቱም ለቅሶ ነው።

ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገርና ወደ ነገሬ ልግባ። ያደግሁት ሱዳን፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚባል አላየሁም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ እዚሁ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚማሩ የሰባት ዓመት ልጆች መሀል ቁጭ ብዬ ነው። ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። እንግሊዝኛውን ከመንገድ ምልክት ላይ ለቃቀምኩት። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ያልጣመው ይተወው።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። እኔ ሐበሻ ነኝ፣ እነሱ ሌላ ናቸው የምል ሰው ነበርኩ። «እነሱ» የምለው ጥቁር አሜሪካኖቹን፣ ከካሪቢያን የመጡትን፣ ሁሉንም ነው። ቤታችን ውስጥ ስንጠራቸው የምንጠቀምበትን ቃል ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። አፌ ላይ ግን በየቀኑ ነበር።

አንድ ሐምሌ፣ ጠዋት ላይ፣ የምሠራበት ድርጅት ሦስት እንግዶች ሰጠኝ። ከእንግሊዝ አገር፣ ከበርሚንግሃም የመጡ ጃማይካውያን ናቸው። አያትየዋ ሚስ አይቪ ይባላሉ፣ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ዴዝመንድ ሃምሳ አምስት የሚሆነው፣ እንደ እኔው ሹፌር፣ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። የእሱ ልጅ ሻንቴል ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ናት። ሚስ አይቪ በነጭ ባርኔጣ፣ በተተኮሰ ቀሚስና በእጅ ቦርሳ አጊጠው ነበር። ሠርግ የሚሄዱ እንጂ በረሃ የሚወርዱ አይመስሉም።

«ሌሎቹስ?» አልኩ። ሰባት ሰው ተብሎ ነበር የተነገረኝ።

«አጎቶቼ ‹ጥቁር ሰው በረሃ ምን ጠፍቶበት ይሄዳል› ብለው የሆቴሉ መዋኛ ዳር ቀርተዋል» አለች ሻንቴል።

ዴዝመንድ ቫኑን ዞሮ ዞሮ አየው። «ወንድሜ፣ መኪናው ደህና ነው?»

«ከእኔ ይሻላል።»

«እሱ እንኳን ብዙም አላጽናናኝም» አለና ወረቀት አወጣ። የምንቆምበትን ቦታ ሁሉ ጽፎ መጥቷል፤ ቶይሌት ሳይቀር። «እዚህ ማደያው ትልቅ ነው፣ ካሜራ አለው፣ እዚህ እንቆማለን። እዚህኛው ከተማ አንቆምም። ከዋናው መንገድ አንወጣም።»

«ለምን አንቆምም?»

«አናውቃቸውማ።»

«እነሱስ ያውቁሃል?»

«ችግሩ እሱ ነው» አለ። «ያወቁኝ ይመስላቸዋል።»

በሆዴ ሳቅሁበት። ምግባቸውንም ይዘዋል። የሆቴሉ ክፍል ማብሰያ ስላለው ሚስ አይቪ ጠዋት ተነስተው ሩዝ በባቄላ ሠርተው፣ ዓሣ ጠብሰው፣ ከበርሚንግሃም ያመጡትን ኬክ ከነቆርቆሮው ጭነዋል። መንገድ ላይ ምግብ ቤት አይገቡም። ሰው ለመዝናናት ወጥቶ እንደዚህ ይሰጋል? አልኩ ለራሴ።

መንገድ ስንጀምር ሚስ አይቪ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። ለወጉ ያህል፣ «ሌላ ጊዜ ዕረፍት የሚወጡት ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ጃማይካ ነዋ።»

«ጥሩ ነው፣ ባሕር ነው አሉ።»

«የምን ባሕር?» አሉ። «ሃምሳ ዓመት ስመላለስ ባሕር የገባሁት ሁለቴ ነው። ሻንጣዬን የሰው ጫማ ሞልቼ እሄዳለሁ። የእናቴን መቃብር አጸዳለሁ። የታመመ እጠይቃለሁ። አንድ ቤት ሳልገባ ከቀረሁ ደግሞ እስከ ዛሬ ኩርፊያ ነው። ደክሜ ሄጄ፣ ሞቼ እመለሳለሁ። ሥራ ቦታ ‹ዕረፍት እንዴት ነበር› ይሉኛል፤ ጥሩ ነበር እላለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ማንም አልሞተም፣ ማንም አይጠብቀኝም። ዕረፍት የወጣሁት ገና አሁን ነው፣ ልጄ።»

ነገሩ እኔኑ የሚናገር መሰለኝ።

ድሮ ማዕድን ይወጣባት የነበረች፣ አሁን ባዶዋን የቀረች መንደር አሳየኋቸው። ሚስ አይቪ ከፈረሰው ባንክ ፊት ቆመው ፎቶ ተነሱ። ዓሣውን በላን፤ ለእኔም ሰጡኝ። ስንመለስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አሥር ሰዓት ላይ ኤርፖርት የማነሳቸው ሌሎች እንግዶች ነበሩኝ። የዴዝመንድን ወረቀት ተከትዬ ብሄድ አልደርስም። ስለዚህ አንድ የማውቀውን የጠጠር መንገድ ያዝኩ።

«ከመንገዱ ወጣህ» አለ ዴዝመንድ ወዲያው።

«አቋራጭ ነው።»

«ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ወረቀቱን የጻፍከው በርሚንግሃም ተቀምጠህ ነው። እዚህ የምነዳው እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሹፌር ሹፌርን ያውቃል፤ ሌላው የያዘው መሪ ላይ እጁን አይሰድም።

ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄድን የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ወጣ። ሳቆም ከሞተሩ ነጭ እንፋሎት ፈነዳ። ከራዲያተሩ የሚወጣው ጎማ ቱቦ ተተርትሯል፤ ውሃው መሬት ሳይነካ የሚተን ይመስል ነበር። መለኪያው የውጭውን ሙቀት መቶ አሥራ አራት ፋራናይት ይላል፤ በአገር ቤት አቆጣጠር አርባ ስድስት ዲግሪ ገደማ ነው። ኤሲው፣ ማቀዝቀዣው፣ ቀጥ አለ። ስልኬን አየሁ፤ ኔትወርክ የለም። የእነሱንም አየን፤ የለም። የቀረን ውሃ አራት ትንንሽ ጠርሙስ ነው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ሦስት የኳስ ሜዳ ያህል ርቀት ላይ አንድ ትሬለር፣ እንደ ተጎታች ሳጥን ያለ ቤት፣ ይታያል። የውሃ ታንከር አለው፣ ዛፍ አለው፣ ደጁ ላይ ፒካፕ ቆሟል። ሰው አለ ማለት ነው።

«በቃ፣ እዚያ ሄደን እንጠይቃለን» አልኩ።

ማንም አልተነሳም። ዴዝመንድ ቤቱን አየ፣ መንገዱን አየ። «መኪና እስኪያልፍ እንጠብቅ።»

ጠበቅን። የቫኑን ጥላ እየተከተልን መሬት ላይ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ መኪና አላለፈም። ሚስ አይቪ መጀመሪያ በባርኔጣቸው ያራግቡ ነበር፤ በኋላ ማራገቡን ተዉት። ከዚያ፣ «በረደኝ» አሉ።

ሻንቴል ክንዳቸውን ዳሰሰች። ፊቷ ተለወጠ። አባቷን ወደ ጎን ስባው ስትነግረው ሰማሁ፤ «አያቴ ላብ አቁማለች። ቆዳዋ ደርቋል። ውሃና በረዶ ካላገኘን እናጣታለን፣ አባዬ። የምሬን ነው።»

አቋራጩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኩ። «ቤቱ ያውና።»

«አታውቅም» አለ ዴዝመንድ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «እኛ ስንወጣ ደንብ አለን። ልጆች ሆነን እንግሊዝ አገር ገጠር ስንሄድ፣ መኪና ሲበላሽ፣ ውሃ ሲጠማን፣ መጀመሪያ የምትሄደው እናቴ ናት። አባቴና እኛ ወንዶቹ መኪና ውስጥ ነን። እሷ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ኬኳን ይዛ፣ ከሩቁ ሰላምታ እያሰማች፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ደጁ ጋ ስትደርስ ቆማ ትጠብቃለች፤ አትገባም። ሰው ሳይደነግጥ ያያታል። አንድም ቀን ክፉ አልገጠመንም።»

«እሳቸው ግን ታመዋል።»

«ለዚያ ነው የምጠብቀው።»

«እኔ ልሂድ» አለች ሻንቴል።

«አንቺ አትሄጂም።»

«ሴት ነኝ አይደል? ደንቡ—»

«አትሄጂም አልኩ። ብቻዬን ብሄድም አይሆንም፤ ቁመቴን እዪው።» ዴዝመንድ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ነው።

ተናደድኩ። «እኛ አገር እንግዳ ደጅ ቢመታ ውሃ ይሰጡታል። እናንተ ፈርታችሁ እናታችሁን ልትገድሉ ነው። እኔ እንደ እናንተ አይደለሁም።»

ይህንን በእንግሊዝኛ፣ ሦስቱም እየሰሙ ተናገርኩት። ሻንቴል ቀና ብላ አየችኝ። ዴዝመንድ ግን አልተቆጣም።

«እጅህ እንዲታይ አድርግ» ብቻ አለኝ።

እየሮጥኩ ሄድኩ። መሮጥ አልነበረብኝም፤ ይህንንም በኋላ ነው የገባኝ። የግቢው ብረት በር ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የግል ግቢ ነው፣ አትግባ፣ ባለቤቱ መሣሪያ አለው ይላል። ማንበብ ባልችል ሰበብ ይሆነኝ ነበር። ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ይኼ ለሌባ ነው፣ ለእኔ አይደለም አልኩ። መቀርቀሪያውን አነሳሁና ገባሁ።

ውሻ ጮኸ። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድኩ የትሬለሩ በር ተበርግዶ አንድ ሽማግሌ ነጭ ሰው ወጣ። ሸሚዝ የለውም፤ ጠመንጃው ግን አለ። አፈሙዙ ደረቴ ላይ ነው።

«ውረድ! መሬት! እጅህን!»

ተንበረከክሁ። እጄን ጭንቅላቴ ላይ አደረግሁ። ጠጠሩ ሱሪዬን አልፎ ጉልበቴን ጠበሰው፤ ግን መነቃነቅ አልቻልኩም። «ውሃ» ልል ነበር። «መኪና ተበላሽቶብኝ ነው» ልል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የተናገርኩት እንግሊዝኛ ከአፌ ጠፋ። ምላሴ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ሆነ፤ በአማርኛ «ጌታዬ፣ ጌታዬ» እላለሁ። እሱ ያልገባው ነገር ሲሰማ የባሰ ደነገጠ።

«ስንት ናችሁ? እዚያ መኪና ውስጥ ስንት ናችሁ? ማነው የላካችሁ?»

እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይኼንን ልብ በሉልኝ። ከአፈሙዙ ይልቅ ያስፈራኝ የሚንቀጠቀጠው ጣቱ ነው። ጨካኝ ሰው ቢሆን እለምነው ነበር፤ ይኼ ግን ፈርቷል። የፈራን ሰው ምን ብዬ ልለምነው?

ሱሪዬ ረጠበ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፣ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። ጠጠሩ ላይ ሲወርድ ትዝ ያለኝ ልጄ ናት፤ እንዴት ሞተ ስትባል ምን ትላለች ብዬ።

ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ከኋላዬ፣ ከሩቅ፣ ድምፅ ሰማሁ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ!»

ሰውዬው ቀና አለ። እኔ መዞር አልቻልኩም። ጥቂት ቆይቶ፣ ትንሽ ቀረብ ብሎ፣ እንደገና «እንደምን ዋሉ!» በመሀል የጫማ ኮቴ ይሰማል። ቀስ ያለ ነው። አንዴ ቆመ፤ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ወደቁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ኮቴው ቀጠለ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ። እኔ አልገባም፣ እዚሁ በሩ ጋ ነኝ» አሉ ሚስ አይቪ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞት ደጃቸው የደረሰ ሴትዮ ድምፅ አይደለም። «ስሜ አይቪ ነው። ከእንግሊዝ አገር ለዕረፍት የመጣሁ አሮጊት ነኝ። መኪናችን ተበላሽቷል። ያ የተንበረከከው ሹፌራችን ነው። ትንሽ ችኩል ነው፣ ክፉ ግን አይደለም። ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።»

ጠመንጃው ቀስ እያለ ወረደ።

«ኬክ ይዤ ነበር» አሉ። ያንን ብለው ሲጨርሱ ቆርቆሮው ብረቱ ላይ ሲጋጭ ሰማሁ። ስዞር መሬት ላይ ናቸው።

መጀመሪያ የደረሰው ሰውዬው ነው። ጠመንጃውን ደረጃው ላይ ጥሎት ሮጠ። እኔ የተቃጠለ ጉልበቴን እየጎተትኩ በእጄ ዳኽኩ። ዴዝመንድና ሻንቴል ከመንገዱ እየሮጡ መጡ፤ ሰውዬው ዴዝመንድን አየው፣ ዴዝመንድም አየው፣ ከዚያ ሁለቱ ምንም ሳይባባሉ ሚስ አይቪን አንስተው ታንከሩ ሥር አስተኟቸው። ሰውዬው በቱቦ ውሃ ለቀቀባቸው፣ ከፍሪጁ በረዶ አመጣ፣ ሻንቴልም ብብታቸው ውስጥ አደረገችው። በቤቱ ስልክ አምቡላንስ ጠራ። ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ሁለቴ ሰርቀውኛል። ሁለቴ ገብተው የፓምፔን ሽቦ ወስደዋል።»

ሻንቴልን ጠየቅኋት። «ለምን ለቀቃችኋቸው?»

«ማን ለቀቃት?» አለች፣ እጇ ሥራ ላይ ነው። «ከቫኑ ጥላ ሆና አይታህ ባርኔጣዋን ጠየቀችን። አባቴ ‹እኔ ልሂድ› ብሎ ሊይዛት ሲል ‹አንተ ከሄድክ ይተኩሳል› አለችው።»

ሄሊኮፕተር መጥቶ ወሰዳቸው። ፖሊስም መጣ፣ ጠየቀን፣ ጻፈ፣ ሄደ። ግቢው የሰውዬው ነው፤ ሰሌዳ አለ፤ እኔ ገብቻለሁ።

በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስ አይቪ ነቅተዋል፣ ፊታቸው አብጧል።

«እንዴት ነው ጉልበትህ?» አሉኝ።

«ደህና ነው።» አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። በሩን ስከፍት ... እኔ እንደ እናንተ አይደለሁም ብዬ ነበር። ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ» አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው፣ «ታዲያ ለሰውዬው ለምን አልነገርከውም?» አሉኝ።

ሻንቴል ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ጎናቸውን አመማቸው። እኔ አልሳቅሁም።

ታሪኩን ለሰው ስነግር ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ጠመንጃው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «እግዚአብሔር አተረፈህ» አሉኝ፤ አንዱማ «እነዚያን ባትጭን ኖሮ ይኼ አይደርስብህም ነበር» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። እናንተም ስታነቡ እንደዚያው እንዳታስቡ ነው የምጽፈው። ሰውዬው ከሩቅ ያየው ሐበሻ አይደለም። እኔ ቤቴ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ውስጥ ተቀምጬ ስለ እነሱ የምለውን ነው ያየው። ያንን ቃል ስናገር እሱን እያገዝኩት ነበር።

ሰው ሲዝናና የሚፈራው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ዴዝመንድ ያንን ወረቀት የጻፈው ፈሪ ስለሆነ አይደለም። እናቱ ሃምሳ ዓመት ለሌላ ሰው ጫማ ተሸክመው ከተመላለሱ በኋላ አንድ ሳምንት ማንንም ሳይጠይቁ እንዲያርፉ ነው። የመንገዱን ፍርሃት እሱ በወረቀት ተሸከመላቸው። እኔ ለአንድ ኤርፖርት ሺፍት ብዬ ወረቀቱን ጣልኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እፈራለሁ። ቀን በቀን፣ በፀሐይ እፈራለሁ። የማላውቀው ሰው ግቢ በር ሳይ እጄ ላብ ያልበዋል። ልጄ «አባባ፣ ሰው ሁሉ አይተኩስም» ትለኛለች። ልክ ናት። ግን ፍርሃቱ ምክሯን አይሰማም።

ሚስ አይቪ ተርፈዋል። ኩላሊታቸው ግን አልተረፈም። በሳምንት ሦስት ቀን በርሚንግሃም ሆስፒታል ደም የሚያጥብ ማሽን ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሁለት ቀን በላይ ከቤታቸው መራቅ አይችሉም። ባለፈው ክረምት ዴዝመንድ ደወለልኝ። ጃማይካ ያለችው ታናሽ እህታቸው ሞታለች። ቀብሩን ከማሽኑ አጠገብ ሆነው በስልክ አዩት። «በሕይወቷ የቀረችበት የመጀመሪያ ቀብር ነው» አለኝ።

«ተቀይመውኛል?» አልኩት።

«አይ። ስለ አንተ ስታወራ ‹ያ ችኩሉ› ነው የምትለው።»

ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር። የሚወጡት አንድ ዕረፍት ነበራቸው፣ እሱን በላሁባቸው፤ ለቅሶ መድረሱንም ቀማኋቸው። ጠመንጃ ያነሳውን ሰውዬ አልረሳሁትም፣ ይቅርም አላልኩትም። ግን በሩን የከፈተው እሱ አይደለም።